ማማው የት ይተከል? የቤትና የሱቅ ካሜራ አመራረጥ



ማሽላው እሸት ሲይዝ ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ማማ ይበዛል። አራት ቋሚ፣ ከላይ ርብራብ፣ ርብራቡ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ። ገበሬው ቋሚውን ከመትከሉ በፊት ማሳውን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ወፉ የሚመጣው ከየትኛው ዛፍ ነው? ጧት ፀሐይ በዞብል ተራራ በኩል ብቅ ስትል የልጁን ዓይን ትወጋው ይሆን? የወንጭፉ ድንጋይ የማሳውን ዳር ይደርሳል? ይህን ሁሉ አስቦ ነው ጉድጓድ የሚቆፍረው።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቤትና ሱቅ ካሜራ፣ እንዲሁም በር ላይ ስለሚገጠመው ባለምስል ደወል ነው። ከማማ የጀመርኩት ያለ ነገር አይደለም። ካሜራ ስንገዛ የዚያን ገበሬ ሩብ ያህል እንኳ አናስብም። ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብተን «አራት ካሜራ ከነመቅጃው ስንት ነው?» እንላለን፤ ዋጋ እንከራከራለን፤ ገጣሚው መሰላሉ የተመቸበት ቦታ ላይ ሰቅሎልን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ትዝ የሚለን ዕቃ ሲጠፋ ነው።

አንድ የማውቃቸው የቆቦ ነጋዴ አሉ፤ ስማቸው ይቆየን። የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። አንድ ጧት ሱቃቸውን ሲከፍቱ አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦና አንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር የለም። የተሰበረ ነገርም የለም። አራት ካሜራ ስላላቸው እምብዛም አልደነገጡም። ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሰው ሲያዩት አንድ ሰው ጥቅሉን ከመደርደሪያ አውርዶ በጓሮ በር ሲወጣ ይታያል። ካሜራው ኮርኒሱ ጥግ ላይ ስለተሰቀለ ከሰውየው የሚታየው የኮፍያው አናት ነው። ነጭ ጃኬት ለብሷል። በምስሉ ማዕዘን የተጻፈው ሰዓት 01:30 ይላል።

ነገሩ ወዲያው የበራላቸው መሰላቸው። አንድ ሰዓት ተኩል! ማታ በዚያ ሰዓት ዒሻ ሊሰግዱ መስጊድ ሲሄዱ ሱቁን ለሠራተኛው ልጅ ነው የሚተዉት። ልጁ ደግሞ ነጭ ጃኬት አለው። እኔ ካሜራ ገጣሚ ወዳጄን ይዤ ስደርስ ልጁ ባንኮኒው ሥር ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም» እያለ ያለቅሳል፤ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ፖሊስ ይጠራ እየተባለ ነው።

ወዳጄ ምስሉን አንድ ጊዜ አየና፣ «የዚያን ዕለት ማታ መብራት ነበር?» አለ።

«ነበር» አሉ ነጋዴው።

«ሱቁ ክፍት ከነበረ፣ አምፖሉም ከበራ፣ ምስሉ ለምን ጥቁርና ነጭ ሆነ?»

ሁላችንም ዝም አልን። እነዚህ ካሜራዎች ብርሃን እያለ የሚቀዱት በቀለም ነው። ሲጨልም ለሰው ዓይን የማይታይ ጨረር ያበሩና ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩታል። ስለዚህ ያ ሰው ሲገባ ሱቁ ጨለማ ነበር። ወዳጄ የመቅጃውን ማስተካከያ ከፈተ። ሰዓቱ ከፋብሪካ እንደወጣ በቤጂንግ ነው የተሞላው። ቤጂንግ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። መቅጃው 01:30 ያለው የቤጂንግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ያ በእኛ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ ተዘግቷል፤ ልጁም እነጋዴው ቤት እራት እየበላ ነበር። ጃኬቱስ? በዚያ ጨረር ጥቁር ጨርቅ ብዙ ጊዜ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ በሌሊት ቀረጻ ስለ ልብስ ቀለም ማንም አይማል። ነጋዴው ልጁን ብድግ አድርገው ሳሙት። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይላሉ፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ሌባው እስከ ዛሬ ኮፍያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ድሮ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ተግቶ ይለቀቃል፤ ተንገዳግዶ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። አውጫጭኝ በአንጻሩ የሰከነ ነበር፤ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየም የሰማም ይናገራል፤ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሰዓቱ ያልተስተካከለና ፊት የማያሳይ ካሜራ እንደ እኔ የዘመኑ ሌባ ሻይ ነው። ካሜራ ሌባ አይዝም፤ ምስክር ነው። እንግዲህ እንዴት ያለ ምስክር እንደምንገዛ እንነጋገር።

የቆቦ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ መብራት ሲሄድና ኔትወርክ ሲጠፋ ይቀዳል ወይ ብሎ ነው። ሜጋፒክስሉ ኋላ ይደርሳል። ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ለራያ ቆቦ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጦርነቱ እዚህ በደረሰበት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያለ መብራትና ያለ ስልክ ወራት ያለፉበት አካባቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ለጦርነት ካሜራ መፍትሔ አይሆንም፤ የማወራው ስለ ደህናው ቀን ሌባ ነው። ቢሆንም ያ ጊዜ አንድ ነገር አሳይቶናል። ምስሉን በኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር ኩባንያ ልኮ እዚያ የሚያስቀምጥ ካሜራ፣ መስመሩ የተቋረጠ ዕለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱም ወርኃዊ ክፍያ በዶላር ይጠይቃል። በስልክ ማየት መቻሉ ደስ ይላል፤ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ያለ ዘመድ ሱቁን ማየቱም ደግ ነው። ያ ግን ምርቃት ነው። ዋናው ቅጂ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ፣ ሃርድ ዲስክ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ መቅረት አለበት።

ለሱቅ የምመርጠው በሽቦ የተዘረጋውን ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ ዲሽ ሽቦ ያለ ክብ ሽቦ የሚጠቀመውና ዲቪአር ከሚባለው መቅጃ ጋር የሚሠራው ነው፤ ረከስ ይላል፤ ማንኛውም ገጣሚ ያውቀዋል። ሁለተኛው በኔትወርክ ኬብል የሚሠራው ነው፤ አንዱ ኬብል ምስሉንም ኤሌክትሪኩንም እስከ 100 ሜትር ይወስዳል፤ ምስሉም ይጠራል። ለአራት ካሜራ ሱቅ ሁለቱም ያገለግላሉ፤ በዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ያለ ሽቦ በዋይፋይ የሚሠራው ግን ቆርቆሮ ጠላቱ ነው። ከቆርቆሮ አጥርና ከላሜራ በር ጀርባ የዋይፋይ ሞገድ ይደክማል። ዕቃ ቤት ውስጥ የሚነበበው ምልክት ውጭ በር ላይ ሲወጣ ይጠፋል።

መብራት ሲሄድ ካሜራውን ስለሚያስኬደው ባትሪ ቁጥር እንጥራ፤ እርሳስ ያላችሁ ያዙ። አንድ ካሜራ ሌሊት ጨረሩን አብርቶ 5 ዋት ያህል ይበላል። አራቱ 20 ዋት። መቅጃው ከነዲስኩ 15 ዋት እንበለው። ድምሩ 35። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይሞትባችሁ ግማሹን ብቻ ከተጠቀማችሁ 600 ነው። 600ን ለ35 ስታካፍሉት 17 ሰዓት ይሆናል። ኢንቨርተር መሐል ከገባ የሚባክን አለና 14 ሰዓት በሉት። ከምሽት እስከ ንጋት ያደርሳችኋል ማለት ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎችና ትንንሾቹ መቅጃዎች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ያለ ኢንቨርተር ከባትሪው ማስኬድ ይቻላል። ነገር ግን ባትሪው ቻርጅ ላይ ሲሆን ከ14 ቮልት በላይ ይወጣልና፣ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ትንሽ ዕቃ ሳይገባ በቀጥታ እንዳታገናኙት። መብራት ሲመለስ ደግሞ አንዳንዴ ዘሎ ነው የሚመጣው። ፍሪጅ ያቃጠለበት ሰው ይህን ያውቃል። ስታብላይዘር ይግባለት።

ዲስኩም እንዲሁ ነው። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚቀዳ ከሆነ በቀን 22 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። አራቱ 86። አንድ ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ተኩል ያህል ይይዝና ከመጀመሪያው ጀምሮ እየደመሰሰ ይቀጥላል። ዕቃ መጉደሉን የምታውቁት በወር ቆጠራ ከሆነ 11 ቀን አይበቃችሁም፤ ሁለት ቴራባይት ግዙና እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ አድርጉት። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ አትግጠሙ። ቀንና ሌሊት ያለ እረፍት ለመጻፍ የተሠራ፣ ለካሜራ ተብሎ የሚሸጥ ዲስክ አለ።

መቅጃው የት ይቀመጥ? ባንኮኒ ሥር ካስቀመጣችሁት ሌባው ምስክሩን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ኮርኒስ ውስጥ መደበቅ ብልኅነት ይመስላል፤ በግንቦት ቀትር የቆቦ ቆርቆሮ ሥር ያለውን ሙቀት ግን አስቡት። ዲስክ እዚያ አይከርምም። የውስጥ ክፍል፣ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ የአየር ቀዳዳ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ማማው እንመለስ። የት ይተከል?

ሻጩ «መቶ ዲግሪ ያሳያል፣ ሱቁን ሙሉ ይሸፍናል» ይላችኋል። ይሸፍናል፤ ያ ማለት ግን ፊት ያሳያል ማለት አይደለም። በሙያው የተለመደ መለኪያ አለ። የማያውቁትን ሰው ፊት በእርግጠኝነት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 የምስል ነጥብ መዋል አለበት። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ወደ ጎን 1920 ነጥብ አለው። ለ250 ሲካፈል ሰባት ሜትር ከግማሽ ግድም ነው። ብዙ ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለው ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ በጣም ሰፊ ስለሚያይ ይህን ስፋት የሚሞላው ገና 3 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ ከ3 ሜትር ወዲያ ያለው ሰው ሰው መሆኑ እንጂ ማን መሆኑ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ባለ 6 ሚሊሜትር ሌንስ ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ ፊትን እስከ 7 ሜትር ይለያል። ስለዚህ አንዱ ካሜራ ሰፊውን ይይ፤ ሌላው ጠባቡን፣ ማንም ሳያልፍበት የማይገባበትን የበር መግቢያ፣ ወደ ሰው ፊት አነጣጥሮ ይይ። ከፍታው ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሰቀላችሁት እንደ ነጋዴው ኮፍያ ትሰበስባላችሁ፤ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ሲሆን ደግሞ ኮፍያም አታገኙም።

ካሜራውን ወደ ክፍት በር ፊት ለፊት ካዞራችሁት የውጭው ብርሃን ያጥበረብረዋል፤ የሚገባው ሰው ጥላ ብቻ ይሆናል። ይህን የሚያመጣጥን ካሜራ አለ፤ ሻጩን ጠይቁት፤ ወይም ዝም ብላችሁ በጎን አዙሩት። ከቤት ውጭ የሚሰቀለው ካርቶኑ ላይ አይፒ 66 ወይም 67 የሚል ይኑረው፤ የመጀመሪያው 6 አቧራ አያስገባም ማለት ነው፤ ለዚህ ሜዳ አቧራ ዋናው እሱ ነው። ነፋሱ መስታወቱ ላይ የሚያለብሰውን ግን ማንም ፋብሪካ አይከለክልም። በለስላሳ ጨርቅ በየሳምንቱ መጥረግ ነው። ሸረሪትም አለች። ሌሊት ነፍሳት ካሜራው ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ሸረሪት ነፍሳቱን ተከትላ ሌንሱ ፊት ድሯን ታደራለች፤ ድሩ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ካሜራው ሰው የመጣ መስሎት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዳ ያድራል። አንድ ወዳጄ ስልኩ በማስጠንቀቂያ ጩኸት አላስተኛ ብሎት ዱላ ይዞ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ነበር፤ ያገኘው ድር ነው።

ስለ በሩ ደወል ላውራ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ ነኝ!» ይህ «እኔ» ማን እንደሆነ ለማወቅ የላሜራውን በር ከፈት ማድረግ ግድ ነው፤ አደጋውም እዚያች ክፍተት ላይ ነው። ባለምስል ደወል የሚሠራው ሥራ ይህን «እኔ» በሩ ሳይከፈት ማሳየት ነው። ሐሳቡ የትልቅ ኩባንያ አይደለም። ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ የምትኖር ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ነርስ ነበረች። ሥራዋ ሌሊትም ቀንም ነው፤ ሰፈሯ ሰላም የለውም፤ ፖሊስ ቢጠሩት ቶሎ አይደርስም። በፈረንጆች 1966 ከባለቤቷ ጋር ሆና በሯ ላይ ከፍና ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች ያሉት፣ በቀዳዳዎቹ ልክ ካሜራው የሚንቀሳቀስ፣ ምስሉን መኝታ ቤት የሚያሳይ፣ ድምፅ የሚያነጋግርና በሩን ከርቀት የሚከፍት መሣሪያ ነደፈች። የፈጠራ መብቱን በ1969 አገኘች። ዛሬ አላማጣም ወልድያም በር ላይ የሚገጠመው ደወል ከእሷ ሐሳብ ብዙ አልራቀም።

ስትገዙት ታዲያ ሽቦ ያለውን ምረጡ፤ ምክንያቱን ስለ ቆርቆሮው ተናግሬያለሁ። ሽቦው በቱቦ ይቀበር፤ ፀሐይ ልጡን ታነድደዋለች፤ አይጥም ትበላዋለች። ትልቁ ነገር ቁልፉ ነው። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቁልፍ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው በማግኔት የሚይዝ ነው፤ መብራት ሲሄድ ይለቃል። ሁለተኛው መብራት ሲሄድም እንደተቆለፈ ይቀራል። ሻጩ ሳይነግራችሁ የመጀመሪያውን ገጥማችሁ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት በራችሁ ገርበብ ብሎ ያድራል። ሁለተኛውን ውሰዱ። ከውጭ በመደበኛ ቁልፍ፣ ከውስጥ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሣ ልጆች መውጫ ፍለጋ አይንከራተቱ።

ከከተማ ወጣ ብላችሁ በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙም ስለ ፓምፑ ታስባላችሁ። ለዚያ ሶላርና ሲም ካርድ ያለው ካሜራ አለ። ሚሞሪ ካርድ እንዲኖረው አድርጉ፤ ሶላሩንም ጥረጉት። ከፓምፑ ራቅ ብሎ፣ ሰው በቀላሉ የማይደርስበት ግንድ ላይ ይሁን። እውነቱን ለመናገር ግን ሜዳ ላይ ላለ ፓምፕ ካሜራን ብቻ አላምንም። ተራ የሚያድር ጎረቤት ይሻላል።

ፓስወርድ። መቅጃው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን እንደ 12345 ያለ ቁጥር ያልቀየረ ሰው በሩን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደተወ ነው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ የካሜራ መቅጃዎችንና ሌሎች ዕቃዎችን በብዛት ማርኮ በአሜሪካ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ገጣሚው ሲጨርስ እሱ ፊቱን አዙሮ፣ እናንተ ራሳችሁ አዲስ ፓስወርድ ሙሉ። «አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» አትበሉት።

ካሜራችሁ የጎረቤትን ግቢ አያይም? እማማ ጓሮ ፀጉራቸውን ሲታጠቡ የእናንተ ዲስክ ላይ መቅረታቸው ነውር ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው ምስል እንደፈለጉ የሚያደርጉት ነገር እንዳልሆነ ይደነግጋል። ካሜራ የሰቀላችሁ ዕለት ጎረቤቶቻችሁን ቡና ጥሩና ሞኒተሩን አሳይዋቸው። የማይወዱት ነገር ካለ እዚያው ይነግሯችኋል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ «ካሜራ አለ» ብሎ መጻፍ ደግ ነው። በሌብነት የተጠረጠረን ሰው ምስል ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም። ያ ልጅ ነጭ ጃኬቱን ለብሶ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ማን ይመልሰው ነበር?

ዛሬ ማታ ካሜራ ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። መብራቱን አጥፉና ኮፍያ አድርጋችሁ በራችሁ ላይ ቁሙ። ከዚያ ገብታችሁ የራሳችሁን ቀረጻ እዩት። ፊታችሁ ይለያል? ሰዓቱ ልክ ነው? ሰዓት ሲሞላ ናይሮቢ ወይም +3 የሚለውን ምረጡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ወደ ፈረንጆቹ 2000 የሚመለስ ከሆነ መቅጃው ውስጥ ያለች የሳንቲም ያህል ባትሪ ሞታለች፤ ተራ ሰዓት ሠሪ ይቀይራታል።

ነጋዴው አሁን ከአራቱ ካሜራ አንዱን ወደ በሩ ትይዩ አውርደውታል። ሞኒተሩ ጎን ካርቶን ተለጥፏል፤ ልጁ ነው በእጁ የጻፈው። በግራ በኩል 19:00፣ 20:00፣ 21:00፤ በቀኝ በኩል ማታ 1፣ ማታ 2፣ ማታ 3።